ሰው የተቀመጠበት በርጩማ

እንግዳዋ ሴትዮ ጣቷን ሬዲዮ ወደሚሉት ሰውዬ ስትቀስር፣ ሬዲዮ ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ብድግ ብሎ መቀመጫውን ለቀቀላት። ከፏፏቴው መመለሷ ነበር። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ደክሟታል ብሎ ነው የተነሣላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ በርጩማውን አነሣችው፣ ገለበጠችው፣ ሦስቱን እግሮች ተራ በተራ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያ ሬዲዮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቀመጥበት የኖረውን ጎድጓዳ ቦታ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ታሸው ጀመር። ሬዲዮ ሳያውቀው እጁን ወደ ሱሪው ኋላ ላከ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

ይዟት የመጣው አስጎብኚ ሳቀ። «ምንም አላጠፋህም። ልግዛው እያለች ነው።»

ግራ መጋባት የሚባለው ነገር ወደ ጠራቢው ቤት የገባው በዚያን ቀን፣ በዚያን ሰዓት፣ በዋናው በር ነው። እስከ ዛሬም አልወጣለትም።

ጠራቢው በርጩማ ጠራቢ ነው፤ አባቱም ይኸው ነበር። ግንዱን ይመርጣል፣ በመጥረቢያ ይከረክማል፣ በመሮ ይፈለፍላል፤ ምስማር የሚባል ነገር ግቢው አይገባም፣ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ እንጨት ነው የሚወጣው። ድሮ ሰው ቤት ሲሠራ፣ ልጁን ሲድር፣ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር። ኋላ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። ቀላል ነው፣ ይደራረባል፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ መደገፊያም አለው። የመንደሩ ሰው አንድ ባንድ ከዳው። የገዛ ሚስቱ እንኳ ዓይኗን በጨው አጥባ ሁለት ቀያይ ወንበሮች ገዝታ ሳሎን ደቀነች። «ለወገቤ ነው» አለች፤ እሱም ከወገብ ጋር ክርክር የለም ብሎ ተወው። የቀረው ገዢ እንግዳ ብቻ ሆነ፤ ፏፏቴውን ሊያይ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ። የመንደሩ ሰው ፏፏቴውን ሊያይ ሄዶ አያውቅም። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ሳይሄድም ያውቃል።

እንግዶቹን ወደ ጠራቢው ግቢ የሚያመጣቸው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ አስጎብኚው ነው። በመልስ መንገድ ላይ ያስገባቸዋል፤ እነሱም በአጥሩ ጥግ ተደርድረው በዘይት የሚያብረቀርቁትን አዳዲስ በርጩማዎች አይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አንዳንዴ አንዱ አንድ ይገዛል። ጠራቢውና ሚስቱ በዚያች አንዳንዴ ነበር የሚኖሩት።

ሬዲዮ ደግሞ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስሙን ያወጡለት ማጥፊያ ቁልፍ የለውም ብለው ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመጣል፣ በር አጠገብ ያለችውን አሮጌ በርጩማ ይዞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያወራል። ሲያወራ በአፉ ብቻ አይደለም፤ መሪ ያዞራል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይደፋል፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሌላም ሰው ይመጣል፤ መቀመጫ በሞላበት ግቢ ሰው አይጠፋም። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊዋም የሚዘመዘም ነገር ይዛ ትመጣለች። ጠራቢው ግን መጥረቢያውን የሚያስቀምጠው ለሬዲዮ ብቻ ነው። ይወደው ነበር። ቀኑ ምን ቢከፋ፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅበት፣ እንግዳ ሳይገዛ ቢሄድ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ እንጂ» ይል ነበር ለራሱ። ጓደኛዬ ነው ብሎ ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይናገራል?

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ።

«ይሄንን ነው የምትፈልገው?» አለ ጠራቢው። «ይሄ እኮ አሮጌ ነው። ያውም...» ሬዲዮን አየና ቀሪውን ዋጠው።

«ይሄንኑ ነው የምትለው ጋሼ።»

ጠራቢው አፈረ። እሱ ባደገበት ቤት ለእንግዳ የሚወጣው ማንም ያልተኛበት አንሶላ፣ ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ ነው። ሚስቱ ለዚሁ ብላ የምታስቀምጠው አንድ ሙሉ ሣጥን አላት፤ ቤተሰቡ እንዳይነካው ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው። የሬዲዮ ሱሪ ሲፈትገው የኖረውን እንጨት ለእንግዳ እንዴት ይሰጣል? ከተደረደሩት ውስጥ ምርጡን መዝዞ፣ በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ አቀረበላት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ወደ አሮጌው ጠቆመች። በመጨረሻ አስጎብኚው «ነገ ጠዋት ተመልሳ ትመጣለች፤ እስከዚያ አስብበት ብላለች» ብሎ ይዟት ሄደ።

ጠራቢው አሰበበት። ክፉ ሰው ስላልሆነ አሰበበት። ይህቺ የሰው አገር ሰው ከልቧ ከፈለገችው ትውሰደው፤ ሬዲዮም ሌላ አያጣም። ነገር ግን እንዲህ እንዳለ አይሰጣትም። በማግስቱ በጠዋት ተነሥቶ አሮጌውን በርጩማ ጉልበቱ መሃል ያዘው። በመላጊያ ላገው። በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ጎድጓዳውን ደልድሎ አስተካከለው፣ ጥቁረቱን አስለቀቀው፣ የተሸራረፈውን ጠርዝ ከረከመው፤ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀባው። ሴትዮዋ ስትደርስ በርጩማው ትናንት ከግንዱ የወጣ ይመስል ነበር፤ ጠራቢውም እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ሴትዮዋ ገብታ ወደ በሩ አጠገብ አየች። ወደ ጓሮ አየች። የተደረደሩትን ሁሉ አንድ ባንድ እያነሣች ከሥራቸው ፈለገች። ጠራቢው ዝም ብሎ አያትና፣ ቁም ነገሩን ለመጨረሻ እንዳቆየ ሰው፣ ከጀርባው አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው። በርጩማውን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ደስ አላት» አለ ጠራቢው።

አስጎብኚው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር። «ጋሼ፣ ምን አደረግከው?»

«አጸዳሁት።»

«እሷ እኮ የፈለገችው ያንን ነበር!»

«የቱን?»

«ያስለቀቅከውን እድፍ!»

ሴትዮዋ በርጩማውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እጁን ጨብጣ፣ ሳትገዛ ሄደች። ጠራቢው ምን እንደበደላት አያውቅም። መበደሉን ግን ከፊቷ አውቋል፤ ይህ ደግሞ ምን እንደበደሉ ከማወቅ ይከፋል። አስጎብኚው ከሸኛት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሊያስረዳው ሞከረ። እንግዶች አዲስ ነገር በአገራቸው ሞልቷቸዋል፤ እነሱ የሚፈልጉት ሰው የተቀመጠበትን፣ የተኖረበትን ነው፤ ታሪክ አለው ይላሉ።

«የሬዲዮ ሱሪ ምን ታሪክ አለው?» አለ ጠራቢው።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ እንዲያ ነው። ለነገሩ መላ አለው። የከተማ ነጋዴዎች በጥላሸት ያሹታል፣ በሻይ ቅጠል ይነክሩታል፣ በሰንሰለት ይደበድቡታል፤ በሁለት ቀን የመቶ ዓመት ሽማግሌ ያደርጉታል።»

«በሰንሰለት? እንጨቱ ምን አድርጎ?»

«እንዲያረጅ ነዋ።»

«እኔ ያልተቀመጡበትን ተቀምጠውበታል ብዬ አልሸጥም» አለ ጠራቢው፤ ይህን ሲል ግራ አልተጋባም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግራ ያልተጋባበት አንድ ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ሚስቱ ከቀዩ ወንበሯ ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ ነበር። «ታዲያ ይቀመጡበታ!» አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ግቢ ሲመጣ ሌላ ምን ይሠራል? ሁሉም አሮጌዎቹን ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ከዛሬ ጀምሮ አዲሶቹን ስጣቸው። ሰው ነው የተቀመጠበት፣ ውሸት የለበት።»

ውሸት የሌለበት መሆኑን ጠራቢው ደጋግሞ አገላብጦ አየው። እውነትም የለበትም። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሳቅ በሳቅ ነበር። ጎረቤቱ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፣ እያንዳንዱ አዲስ በርጩማ ይሰጠዋል፣ ወሬው ይቀጥላል። ጠራቢውም መቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያኔ አወቀ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከባድ ነው፣ መሃሉን ያጎደጉዳል፤ ግን እንደ ጆንያ አንዴ ከተቀመጠ ስለማይነቃነቅ ወዝ አይሰጥም። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፣ በርጩማዋም ባንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። ሬዲዮ ግን! ያ ሁሉ መሪ ማዞር፣ ያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት፣ እንጨቱን እንደ መስተዋት ያወዛዋል። ሌላው በዓመት የማያደርሰውን እሱ በሦስት ወር ያደርሳል። የመጀመሪያው የሬዲዮ በርጩማ የወጣ ዕለት፣ አንድ ረጅም ሰውዬ እንደ ሕፃን አቅፎት ሄደ፤ ሁለተኛውን ሊገዙ ባልና ሚስት ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

ጠራቢው ብቻውን መብላት ነውር መሰለው። እንጨቱ የሱ ነው፣ ወዙ ግን የነሱ ነው። ስለዚህ አንድ በርጩማ በተሸጠ ቁጥር ለተቀመጠበት ሰው ድርሻ ሊሰጥ ወሰነ። መጀመሪያ ሳቁበት። «ለመቀመጥ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቆሜ ስውል የሚከፍለኝ አጥቼ!» ከዚያ ተቀበሉ። ወፍጮውም በነዳጅ እጦት ብዙ ቀን ስለሚቆም፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ተቀበለ። ሬዲዮ ደግሞ ድርሻውን በተቀበለ ቀን ጠራቢውን ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው፤ ዝም ማለቱ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ውሉ ጠፋ። መቼ እንደጠፋ ጠራቢውን ብትጠይቁት አይነግራችሁም። ብቻ ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምጣት ትተው ስምንት ተኩል ላይ መምጣት ጀመሩ። ድሮ ደስ ሲላቸው ብድግ ብለው የሚሄዱት፣ አሁን ቤታቸው ሰው ቢጠራቸው እንኳ «ልጨርስና» ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን «እሱ ትናንት አልነበረም፣ በርጩማው ላይ የኔ እህት ናት የተቀመጠችው፤ ድርሻው ለሷ ይገባል» ብላ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጋር ተነታረከች። ወሬም አነሰ። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ብዙ አያወራም።

አስጎብኚው ደግሞ አዲስ ሐሳብ አያጣም። እንግዶቹ በርጩማው እንዴት እንደሚያረጅ ማየት እንደሚፈልጉ ነገራቸው። ስለዚህ ከፏፏቴው መልስ ቀጥታ ሰዎቹ በሚቀመጡበት ሰዓት ያመጣቸው ጀመር። «ምንም የተለየ ነገር አታድርጉ» አላቸው ተቀማጮቹን፤ «እንደ ሁልጊዜያችሁ ሁኑ።»

እንደ ሁልጊዜ እንዴት እንደነበሩ ግን የሚያስታውስ ጠፋ። «እኔ ሁልጊዜ እግሬን አነባብራለሁ ወይስ እዘረጋለሁ?» አለ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፤ የምሩን ነው። ማንም አላወቀለትም። ሬዲዮ የአውቶቡሱን ፍሬን መበጠስ ታሪክ አወራ፤ እንግዶቹ ቋንቋውን ባይሰሙም እጆቹን አይተው አጨበጨቡ። በማግስቱ ሌሎች እንግዶች መጡ፤ አስጎብኚው «እስቲ ያቺን የፍሬኗን» አለው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሬዲዮ በሕይወቱ አንድ ወሬ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አውርቶ አያውቅም ነበር፤ ቁልቁለቱ አንዴ ይረዝማል፣ ተሳፋሪው አንዴ ይበዛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁለቱ አንድ ልክ ሆነ።

ጠራቢው ይህን ያያል። ደስ አላለውም። ደግሞም ደስ ብሎታል። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ሚስቱ ከመድኃኒት ቤት ባዶ እጇን አትመለስም፣ ጎረቤቶቹም ድርሻቸውን ይዘው ይገባሉ። ይህ ሁሉ የመጣው ሰው ተሰብስቦ ከመቀመጡ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ መቀመጡን ደግሞ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወደዋል። ታዲያ የሚወደው ነገር እንጀራ ሆኖ ሲመጣ ምን ያስከፋዋል? ራሱን ጠየቀ፣ እንጨቱን መከርከሙንም ቀጠለ።

አንድ ቀን ከሰዓት እንግዳ አልነበረም። ሬዲዮ ቆይቶ ቆይቶ እንደ ድሮው፣ ማንም ሳያዘው፣ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። ስለ እናቱ አውርቶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻዋ ዓመት ዓይኗ ጠፍቶ፣ አውቶቡሱን በድምፁ ለይታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው እንደነበር፣ አንድ ቀን ግን አውቶቡሱ ተበላሽቶ በእግሩ ሲመጣ...

«ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል በል» አለ ጠራቢው።

ሬዲዮ ወሬውን አቆመ። «እ?»

«ቀኙ ብቻ ነው እያማረ ያለው። ግራው ገና ነው።»

ሬዲዮ ወደ ግራ ዘንበል አለ። ታሪኩን ግን አልጨረሰም፤ ጠራቢውም በእግሩ የመጣ ዕለት ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ኋላ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ በርጩማዎቹን ሲሰበስብ ነው የገዛ ቃሉ ተመልሶ ጆሮው ላይ የጮኸበት። ሰውየው ስለ እናቱ ሲያወራ እኔ ምን አየሁ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። እንጨት ነው ያየሁት።

በማግስቱ ሬዲዮ አልመጣም።

በሁለተኛውም ቀን አልመጣም። ጠራቢው አሥር ጊዜ ወደ በሩ አየ። በሦስተኛው ቀን በርጩማውን አነሣውና «ይሄም ግማሽ ላይ ቀረ» አለ፤ አለና ደነገጠ። የቀረበት የትኛው ነው? ሬዲዮ ነው ወይስ በርጩማው? ድሮ ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ሰው ሲናፍቅህ ናፈቀህ ነው፤ ሠራተኛ ከሥራ ሲቀርብህ ደግሞ ቀረብህ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን በየትኛው እያዘንክ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ጠራቢው አላወቀም፤ አለማወቁም አስፈራው። ጣሪያው ተመልሶ ቢያፈስ ይችለዋል። ሬዲዮን ካጣ ግን ዘጠኝ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እንደማይደርስለት ያውቃል።

«ታሟል ይላሉ» አለች ሚስቱ። «ምን ትጎለታለህ? ሂድና ጠይቀዋ።»

«እሱ ነው እኮ ሁልጊዜ የሚመጣው።»

«ስለዚህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ወደሱ መጣ እንጂ እሱ ወደ ሬዲዮ ሄዶ አያውቅም። ቤቱን ያውቀዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ግን አላየም። መቀመጫው ያለው እዚህ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚህ ይመጣል፤ ይህ እንደ ውሃው መውረድ ያለ ነገር ነበር፣ ማንም አስቦት አያውቅም።

ባዶ እጅ አይኬድም። ጠራቢው የሚችለው ደግሞ አንድ ነገር ነው። በአባቱ ቀብር ማግስት ቆርጦ ለሃያ ምናምን ዓመት ጣሪያ ሥር ያደረቀው፣ ለማን እንደሚሆን ሳያውቅ የሰሰተለት አንድ ግንድ ነበረው። አወረደው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሌላ ነገር አልሠራም። እንግዶች መጡ፣ ቀና ብሎም አላያቸው። እግሮቹን አሳጠራቸው፤ የሬዲዮ ጉልበት እንደ ድሮው አይታጠፍም። መቀመጫውን ሰፋ አደረገው። ላገው፣ አሸው፣ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀባው። ሚስቱ ልትሞክረው ጠጋ ስትል «እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸባት። ማንም ሊቀመጥበት አይገባም። ለሚከበር ሰው የሚሰጠው ያልተነካ ነገር ነው፤ ይህን ከእናቱ ቤት ያመጣውን ማንም እንግዳ አላስረሳውም። ሚስቱም ገባትና፣ አንገቷ ላይ ባለው ቁልፍ ሣጥኗን ከፍታ፣ አዲስ ጨርቅ አውጥታ ጠቀለለችለት።

መንገድ ላይ የሚለውን ተለማመደ። ‘ናፍቀኸኛል’ ሊለው ነው። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተገላበጠ፤ ቢሆንም ሊለው ነው።

በሩን የከፈተችው የሬዲዮ ሚስት ናት። ጨርቁ ከላይ ተገልጦ ኖሮ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ያረፈው እጁ ላይ ባለው ነገር ላይ ነው።

«ግባ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሥራውን እንኳ እስኪሻለው ብታቆይለት ምን ነበር?»

«ሥራ አይደለም። ስጦታ ነው።»

«እ» አለች፣ መንገዱንም ለቀቀችለት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሾፌር አውቶቡስ ተደግፎ የተነሣው ፎቶ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም የእንጨት መቀመጫ የለም። ጠራቢው ይህን ሲያይ ፊቱ ጋለ። ለስንት የማያውቀው አገር ሰው ጠርቧል፣ እዚህ ግን፣ መንደሩ ውስጥ፣ ከሱ ቤት እጅግም በማይርቅ ቤት...

ሬዲዮ አልጋው ላይ ነበር። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል።

«እግዜር ይማርህ» አለ ጠራቢው።

«አሜን።»

«ምንህን ነው?»

«ወገቤን። መቀመጥ አቃተኝና ተኛሁ።» ከዚያ በርጩማውን አየው። ጨርቁ ወርዷል፤ እንጨቱ በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቃል። ሬዲዮ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ብርድ ልብሱን ገፎ እግሮቹን ወደ መሬት አወረደ።

«ተኛ! ተኛ እንጂ፣ ምን ያስነሣሃል?»

«ግዴለም። ለመቀመጥ ያህል እችላለሁ።» ግድግዳውን ይዞ ወረደ፣ ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ልክ እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርገው።

«ያንተ ነው» አለ ጠራቢው ተንተባትቦ። «ላንተ ብዬ ነው የጠረብኩት። ማንም አልተቀመጠበትም።»

«አየሁት፣ አዲስ ነው። ስንት ወር ይፈጃል ትላለህ?»

«ምኑ?»

«እስኪደርስ። ደግሞስ ሲደርስ ማን ነው የሚወስደው?»

«ማንም አይወስደውም! እዚሁ ይቀራል፣ አንተው ጋ።»

«እሺ» አለ ሬዲዮ። በዚያ ‘እሺ’ ውስጥ እሽታ ብቻ ነበር፤ ሰው ለአለቃው የሚለው ዓይነት።

ጠራቢው የተለማመደውን ቃል ፈለገ። «ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት» አለ፤ ከመንገዱ ይልቅ ቤቱ ውስጥ ቃሉ ትንሽ ሆነ። የሬዲዮ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማ መሬት መሬት አየች።

«ሰዎቹም ጠየቁኝ?» አለ ሬዲዮ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እንግዶቹ።»

«ስለ እንግዶቹ አይደለም የመጣሁት።» ጠራቢው መሬቱ ላይ፣ ከጓደኛው እግር አጠገብ ተቀመጠ። በሕይወቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሌላውን በርጩማ ላይ ቀና ብሎ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ እናቱ ሊጠይቀው አፉን ከፈተ፤ ግን አሁን ቢጠይቀው ታሪኩን ታዝዞ እንዳይጨርሰው ፈራ። «ምንም አታውራ። ዛሬ ዝም ብለን እንቀመጥ፣ እኔና አንተ።»

«ጥሩ» አለ ሬዲዮ። ወገቡን በእጁ ደግፎ ቀና ብሎ ተስተካከለ። «እስከ ስንት ሰዓት?»

ጠራቢው ፊቱን አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲቀልድ ከአፉ በፊት ቅንድቡ ይነግረው ነበር። ቅንድቡን አየ፣ ዓይኑን አየ፣ የደረቀ ከንፈሩን አየ፤ ቀልዱን ይሁን የምሩን አልለይ ብሎት ይሳቅ ወይስ ያልቅስ አላወቀም። ሬዲዮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልሱን ይጠብቅ ነበር።